የአንድ ሰዓት ሐዘን

ቀበና፣ መስከረም 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ በሰው አገር ላማረብሽ፣ ክረምት ሲመጣ ብቻ ለምታስታውሺን ለአጎቴ ልጅ ለእትዬ እየሩስ። ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆትሽና ከጫማዬ ቀዳዳ በቀር ደኅና ነኝ፤ የእስራኤል አምላክ ይመስገን። በቴሌግራም ይህን ሁሉ ሰላምታ መደርደሬ አይግረምሽ። አባትሽ ጋሼ ሰላሙ፣ ሰላምታ የሌለው መልእክት የፖሊስ መጥሪያ ነው ይላሉ። እኔም ከዐሥረኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ስለሆንኩ የተማረ ሰው ያለኝን ሁሉ እሰማለሁ፤ ሲመቸኝ።

የጋሼ የቅዳሜ ትምህርት እንደ ጉድ ደርቷል። አሁንም የምንማረው በእድራችን ዕቃ ቤት ነው፤ በድንኳኑና በትልልቆቹ ድስቶች መሀል፣ በለቅሶ አግዳሚዎች ላይ። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ወንበሮቹ ስለሚሄዱ መሬት ተቀምጠን ስለ ባቢሎን ስደት እንሰማለን። ጋሼ «እነሱም ወንበር አልነበራቸውም» ይላሉ። በሰንበት መጻፍ ስለማይፈቀድ ሰሌዳ የለም፣ ደብተር የለም። ደብተር የማልጠየቅበት ትምህርት በሕይወቴ ያየሁት ይኼን ብቻ ነው። ያላቋረጥኩትም ለዚህ ነው።

አድማጩን ብታዪ ትስቂያለሽ። እኛ ቤተ እስራኤሎቹ በጣት የምንቆጠር ነን፤ የቀረው የሰፈር ሰው ነው። ዲያቆን ኃይለ መስቀል ሊከራከር ይመጣል፤ ተሸንፎ አያውቅም፣ አሸንፎም አያውቅም። ኢልሃም ወሰን ሰፈር ያለውን ሱቋን ለእህቷ ትታ ትመጣለች። የመገናኛው ታክሲ ሹፌር ዱጋሳ የመጀመሪያ ቀን እጁን አውጥቶ፣ ፈላሻ ማታ ማታ ጅብ ይሆናል የሚባለው እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ጋሼ ትንሽ አሰቡና «አንተ ማታ የምትሠራው በየትኛው መስመር ነው? ተላልፈን ይሆናል» አሉት። ከዚያ ወዲህ አንድ ቅዳሜ ቀርቶ አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት የነገሩን ስለ አይሁድ ሊቃውንት ክርክር ነው። ሁለት ሰው ተከራክሮ አንዱ ሲረታ፣ የተረታውም ሐሳብ ከነስሙ አብሮ ይጻፋል አሉ፤ ምናልባት አንድ ዘመን እሱ ትክክል ሆኖ ይገኛልና። እኔም፣ እንግዲያው የማትሪክ ወረቀቴ ላይ የጻፍኩት ሁሉ ይቀመጥልኝ፣ ዘመኑ አልደረሰም ይሆናል አልኳቸው። ማትሪክ ሳትደርስ አይደል ያቆምከው አሉኝና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ኦሪቱን የማነብላቸው እኔ ነኝ። አንዳንዴ ከራሴ እጨምርበታለሁ። ባለፈው «ሙሴም መገናኛ ወርዶ የቀበና ታክሲ ያዘ» ብዬ አነበብኩ። ጋሼ ፊታቸው ሳይፈታ «ስንት አስከፈሉት?» አሉ።

አሁን ቁም ነገሩ። አክስቴ አልጣሽ በየዓርቡ ሰንበት ሳይገባ የምትልክላቸው ድምፅ ሁለት ዓርብ ቀረ። ጋሼ ስልኬን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ይጠብቃሉ። ኔትወርክ ነው እላቸዋለሁ። ምነው፣ ተጣላችሁ እንዴ? ለባሏ የሚበቃ ድምፅ አጣች?

የጫማዬ ቁጥር አርባ ሁለት ነው። እግዜር ያሰንብትሽ፤ ቁጥሩን እንዳትረሺው ያድርግልሽ።

ምሥጋና


ነታንያ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2018

ለወንድሜ ለምሥጋና። የአብርሃም አምላክ አንተንም አባዬንም ይጠብቅልኝ።

ደብዳቤህን ሥራ ቦታ አነበብኩት፤ የማጥባቸው ባልቴት ምን ያስቅሻል አሉኝ። እማዬ ሳል ይዟት ሆስፒታል ገብታለች። ለምርመራ ነው። ድምፅዋ ስለሰለለ ነው ያልላከችው። ለአባዬ ሆስፒታል የሚለውን አታንሣለት፤ ጉንፋን ነው በለው።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። የአባዬን ፎቶ በነጭ ግድግዳ አስነሥተህ ከመታወቂያው ጋር ላክልኝ። ቶሎ። ወደዚህ ወደ እስራኤል የሚመጣበትን ፋይል እንደገና ማየት ጀምረዋል። ጫማህን እልካለሁ።

እየሩስ


ቀበና፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018

ሰላምታዬ ከእንጦጦ ራስ እስከ ቀበና ወንዝ፣ ከዚያም በባሕሩ አድርጎ እስከ ደጃፍሽ ይድረስሽ።

ፎቶው ይኸውልሽ። ፎቶ አንሺው «አባት፣ አገጭዎን ቀና ያድርጉ» ቢላቸው «ዐሥራ አራት ዓመት ቀና ብዬ ነው የምጠብቀው፤ ከዚህ በላይ አንገቴ አይሄድም» አሉት። አዲስ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ የኔ ነው። እንዳይነግሩሽ ብዬ ነው ቀድሜ የነገርኩሽ።

ጉንፋን ነው ብያቸዋለሁ። ለጉንፋን ምን እንደሚጠጣ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዱኝና፣ ለአልጣሽ ንገርልኝ አሉ። ሁሉንም አልጽፈውም፤ ዋናው ነጭ ሽንኩርት ነው። ዓርብም ጠበቁ። አንዲት ቃል ትላክላቸው እባክሽ። «እህ» ብትልም ይበቃቸዋል።

ምሥጋና


ነታንያ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018

ምሥጋና ወንድሜ፣ ሰላም ላንተ ይሁን።

ብቻህን ስትሆን አንብበው።

እማዬ የለችም። ጥቅምት ዐሥራ ሁለት ቀበርናት። ሳንባዋ ነው። ሰባቱን ቀን ተቀምጬ ዛሬ ጠዋት ተነሣሁ። እስከ መጨረሻው «ሰላሙ እናቱን ቀብሮ ይመጣል» ትል ነበር። ከኛ ጋር ያልመጣው አሮጊት እናቱን ጥሎ መሄድ አቅቶት እንደሆነ ታውቃለህ። አያቴ ካረፈች ስንት ዘመኗ፤ እሱ ሊነሣ ሲል በሩ ተዘጋበት። እማዬ መጨረሻ ላይ ያን ሁሉ ረስታ፣ ትናንት የተለየችው ይመስላት ነበር።

ለአባዬ አትንገረው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በልጅ አፍም አይነገርም። የሲግድ በዓላችን ደርሷል፤ ለጾሙና ለጸሎቱ ሰዉን ይዞ ተራራ የሚወጣው እሱ ነው። እሱን ያሳልፍ። ከዚያ ሽማግሌዎች ማለዳ ሄደው እንደ ወጉ ይንገሩት። እስከዚያ ምንም ብለህ አቆየው፤ አንተ መላ አታጣም። አትደውልልኝ፤ ግድግዳችሁ ስስ ነው፣ እኔም ድምፄን አላምነውም። ጻፍልኝ።

እየሩስ


ቀበና፣ ጥቅምት 23 ቀን 2018

ለእትዬ እየሩስ። እግዚአብሔር ያጽናሽ። ሌላ ሰላምታ ጀምሬ ነበር፤ አጠፋሁት።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ወሰን፣ የምሠራበት ጋራዥ ውስጥ፣ መኪና ሥር ተኝቼ ነው። እዚያው ቆየሁ። አለቃዬ እንቅልፍ የወሰደኝ መስሎት እግሬን ረገጠኝ።

ዓርብ ደረሰ። ጋሼ ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። መላ አታጣም ብለሽኝ የለ? አክስቴ ከፋሲካ በኋላ ከላከቻቸው ድምፆች አንዱን ፈልጌ እንደ አዲስ ከፈትኩላቸው። «ሰላሙ፣ ሰንበትህ የተባረከ ይሁን፤ ይቺ ልጅህ ጨው ከለከለችኝ» የሚለውን። ጋሼ ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙትና «ሳሉ ለቀቃት» አሉ። ድገመው አሉኝ። ደስ ብሏቸው ራታቸውን ጨረሱ። እትዬ፣ ስንት ሰው አታልያለሁ፤ እንደዚህ የተሳካልኝ የለም።

ትናንት ወንበሮቹ ለቅሶ ቤት ሄደው መሬት ተቀምጠን ነበር። ታዲያ ጋሼ፣ ቦታው ራሱ ርእስ ሰጠን ብለው ስለ ሐዘን ሕግ አስተማሩ። እንዲህ ነው። የሞተበት ሰው ሰባት ቀን ጫማውን አውልቆ መሬት ይቀመጣል። ወሬው ከሩቅ አገር ዘግይቶ ቢደርሰውስ? ከቀብሩ ሠላሳ ቀን ሳያልፍ ከሰማ፣ የሰማበትን ቀን አንድ ብሎ ሰባቱን ይቀመጣል። ሠላሳው ካለፈ ግን የሚቀመጠው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። አንድ ሰዓት ተቀምጦ፣ ጫማውን አድርጎ ይነሣል።

ኢልሃም ይሄማ ጭካኔ ነው አለች። ዲያቆኑም፣ እኛ ሠልስት አለን፣ አርባ አለን፣ ሙት ዓመት አለን አለ። ጋሼ ምን አሉ መሰለሽ? «እናንተ ባለ ርስት ናችሁ። የተበተነ ሕዝብ መርዶው ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ለዘገየው ሁሉ ሰባት ሰባት ቀን ቢቀመጥ መቼ ተነሥቶ ይሠራል?» አሉ። ከዚያም፣ የጎንደር አባቶቻችን ይኼን የሠላሳ ነገር አያውቁትም ነበር፣ እኔ ግን ከመጽሐፍ ካወቅሁት ወዲህ ታስሬበታለሁ አሉ። እናታቸውን ሲቀብሩ ሰባቱን ባይቀመጡ ኖሮ አእምሯቸውን ይስቱ እንደነበር ነገሩን።

እኔ በጣቴ ቆጠርኩ። ሒሳብ ስለማልችል፣ ለምን እንደሆነ ሳልነግራት ኢልሃምን አስቆጠርኳት። ሠላሳው የሚሞላው በራሱ በሲግድ ዕለት ነው። ከሲግድ በኋላ የሚነገራቸው ከሆነ ዐሥራ አራት ዓመት ለጠበቋት ሚስታቸው አንድ ሰዓት ነው የምንተውላቸው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ይነገራቸው። እሺ በይኝና ዲያቆኑን ይዤ ሽማግሌዎቹ ዘንድ እሄዳለሁ። ጫማውን ተይው።

ምሥጋና


ቀበና፣ ኅዳር 2 ቀን 2018

እትዬ እየሩስ፣ ሰላም ነሽ ወይ? ማንበብሽን ሁለቱ ምልክቶች ነግረውኛል። መልስ ግን የለም። ምነው፣ እዚያ ፊደል ተወደደ?

ለዲያቆን ኃይለ መስቀል ነግሬዋለሁ፤ አንድ ሰው ካላወቀልኝ ልፈነዳ ነበር። አለቀሰ። እሱ ሽማግሌዎቹን አናገረ። ልጅቷ እሺ ሳትል እኛ አፋችንን አንከፍትም አሉ፤ ሟቿ የሷ እናት ናት፣ አባቱም የሷ ናቸው።

ዓርብም ሌላ አሮጌ ድምፅ ከፈትኩ። የቀሩት ጥቂት ናቸው። እባክሽ አንድ ቃል።

ምሥጋና


ነታንያ፣ ኅዳር 7 ቀን 2018

ምሥጋና፣ ሰላም እልሃለሁ።

አልቆጣህም፤ አንተም አትቆጣኝ። ለምን ዝም እንዳልኩ ልንገርህ፤ ለማንም እንዳትነግር።

የአባዬ ፋይል የቆመው በእማዬ ስም ላይ ነው። ባሏ ስለሆነ ነው ስሙ ዝርዝሩ ላይ ያለው። ቢሮ ውስጥ ያለችው ሴት የፎቶውንና የመታወቂያውን ነገር አይታ፣ በዚህ ሳምንት ያልፋል አለችኝ፤ ከዚያ በሚቀጥለው አለችኝ። የእማዬ ሞት ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሳይሻገር የሱ ስም ያልፋል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ለአባዬ ከተነገረው ለቅሶ ይቀመጣል። ለቅሶ ከተቀመጠ ሰፈሩ ያውቃል፤ ሰፈሩ ካወቀ እኔን የሚጠይቀኝ ቢሮ ያውቃል። መርዶ ከምልክለት እዚህ አምጥቼ መቃብሯ አጠገብ ላቆመው ፈለግሁ። ይኸው ነው ኃጢአቴ።

አንተ ያልከውን የሠላሳ ቀን ሕግ እዚህ ጠየቅሁ። እውነት ነው። ሲግድ ዕለት፣ ከተራራው እንደወረደ ይንገሩት። ያን ቀን ከሆነ ሰባቱን ያገኛል አይደል? እስከዚያ ቢሮው መልስ ይሰጠኛል።

እየሩስ


ቀበና፣ ኅዳር 12 ቀን 2018፣ ዓርብ

እትዬ እየሩስ፣ ሰንበት ሳይገባ ልጻፍልሽ፤ ዛሬ ሰላምታ አላሳምርም።

ማክሰኞ ዕለት ራሴ ልነግራቸው ሞከርኩ። ሽማግሌውንም ወጉንም ትቼ ማለት ነው። ኦሪቱን እያነበብኩላቸው አቆምኩና «ጋሼ፣ አክስቴ አልጣሽ አርፋለች» አልኳቸው።

«ዛሬ ደግሞ ከየትኛው ምዕራፍ ነው የጨመርከው?» አሉኝ። ሳቁም። እንደዚህ ያለው ቀልድ ግን ደስ አይልም፣ ሁለተኛ እንዳትል አሉኝ። እውነቴን ነው ልል አፌን ከፈትኩ። አልወጣም። ሙሴን ታክሲ ያሳፈረ ምላስ ነው፣ ማን ያምነዋል? ማንበቤን ቀጠልኩ።

ትናንት ሲግድ ነበር። በቀበና አድርገን በባሕር ዛፉ መሀል ወደ እንጦጦ ወጣን። ጋሼ ክንዴን ይዘው ከፊት፣ እኛ ከኋላ፤ ትምህርት ቤቱ በሙሉ መጥቷል። ዱጋሳ ታክሲውን አቁሞ መጣ። እንደ አባቶቻችን ድንጋይ በራሳችን ተሸክመን ነው የወጣነው። ዲያቆኑ ትልቁን መረጠ፤ መንገድ ላይ ሲያልበው በትንሽ ቀየረው፣ ያላየሁት መሰለው። አናቱ ላይ ደርሰን ድንጋዩን አስቀመጥን። ጋሼ ወደ ኢየሩሳሌም ዞረው ጸለዩ። ከዚያ ሁሉም በድንጋዩ ላይ ለወፎች እህል እየበተነ፣ የሞቱበትን ስም ይጠራል። ጋሼ የእናታቸውንና የአባታቸውን ስም ጠሩ። ኢልሃም ሰው በማይሰማው ድምፅ የወንድሟን። እኔ ገብስ በተንኩና ዝም አልኩ። ጋሼ «አንተ ለማን ነው?» አሉኝ። ለሁሉም አልኩ።

ከጾም በኋላ ወርደን በላን። ዓይኔን ሽማግሌዎቹ ላይ ተክዬ ጠበቅሁ። ሰው እየዘፈነ፣ ጋሼ ሲስቁ እያዩ፣ በበዓል ማዕድ ላይ መርዶ አይነገርም አሉ። ነገ ማለዳ ይሁን አሉ። ዛሬ ማለዳ ደግሞ ሰንበት ሊገባ የአንድ ቀን ለቅሶ ምን ለቅሶ ነው፣ ሰንበትን በእንባ አናስገባባቸውም አሉ። ለእሑድ ቀጠሩ። እኔ የሠላሳውን ነገር አስረዳሁ። ያንተ የጋራዥ ሕግ ነው ወይ አለኝ አንዱ። ዲያቆኑም ተከራከረላቸው፤ እንደ ልማዱ አላሸነፈም። ክፉዎች አይደሉም፣ እትዬ። አዘኑላቸው። በማዘናቸው ነው ሠላሳው ትናንት ፀሐይ ስትጠልቅ ያለፈው።

አሁን ጋሼ ስልኩን ሊጠብቁ ተቀምጠዋል። ድምፅ አልቆብኛል፤ የጨውዋን ልድገምላቸው ነው።

ምሥጋና


ነታንያ፣ ኅዳር 13 ቀን 2018፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ

ምሥጋና፣

ፋይሉ ተዘግቷል። የነገሩኝ ሐሙስ ነው፤ በሲግድ ዕለት። ሰባቱንም አሳጣሁት፣ መንገዱንም አላገኘሁለት። ነገ ይነገረው። ስለኔ ምን እንዳለ ሳትደብቅ ጻፍልኝ፤ ክፉም ቢሆን።

እየሩስ


ቀበና፣ ኅዳር 18 ቀን 2018፣ ሐሙስ

ለአጎቴ ልጅ ለእየሩስ። የአልጣሽን ነፍስ ያሳረፈ አምላክ ያንቺንም ልብ ያሳርፍ።

እሑድ ሲነጋጋ ሄድን። ሽማግሌዎቹ፣ ዲያቆኑ፣ ኢልሃም፣ ዱጋሳ። ጋሼ በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ፊት ባያዩም ያን ሁሉ እግር ሰሙ። ማንም እስኪናገር አልጠበቁም።

«ማን ናት?» አሉ።

ማን ነው አላሉም። ዲያቆኑ ስሟን ነገራቸው። አልጮኹም። መቼ እንደተቀበረች ጠየቁ። ሲነገራቸው ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ፤ አንዴ ጨርሰው እንደገና ጀመሩ። ከዚያ «አለፈ፤ ያለኝ አንድ ሰዓት ነው» አሉና ጫማቸውን አውልቀው መሬት ተቀመጡ። እዚያ ለነበረ ሰው ማስረዳት አላስፈለገም። ሁላችንንም ያስተማሩን እሳቸው ናቸው።

«ምሥጋና፣ እኔ አላይም፤ ሰዓቱን አንተ ያዝልኝ። ሲሞላ ንገረኝ፣ እነሣለሁ። ሕግ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ስለሷ ማውራት ጀመሩ። ምስር ስትለቅም ወሬ ስለምታበዛ ሁልጊዜ ጠጠር ይቀር እንደነበር፣ እሳቸውም ጠጠሩ ጥርሳቸው ውስጥ ሲገባ ምን አውርታ ነበር ብለው እንደሚጠይቋት። ኢልሃም ሳቀች፣ ሳቋ ወደ ልቅሶ ዞረ። ያኔ ጋሼም አለቀሱ። እኔ አባቴ ሲሞትም እንዲህ ሲያለቅሱ አላየኋቸውም።

ሰዓቱ ሞላ። ስልኬ ኪሴ ነው፤ አይቼዋለሁ።

«ሞላ?» አሉ።

«ገና ነው ጋሼ» አልኳቸው።

ዲያቆን ኃይለ መስቀል ቀና ብሎ አየኝ። ይኼ ሰው አንዲት ፊደል ሲሳሳቱ የማያልፍ ሰው ነው። ዝም አለ። ቆይተው እንደገና ጠየቁኝ፤ ገና ነው አልኩ። ኢልሃም ለቀትር ሶላት ወጥታ ተመለሰች። ዱጋሳ አንድ ዙር ሠርቶ መጣ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ጋሼ ቀና ይላሉ፤ ጆሯቸው የማይሰማው የለም። ሞላ ይሉኛል። ገና እላቸዋለሁ። ቤቱ ሲጨልምና ሰው መብራት ሲያበራ፣ ወደኔ ዞሩ።

«ለመሆኑ ሰዓት ማየት የሚያስተምሩት ስንተኛ ክፍል ነው?»

«እንጃ ጋሼ። ያን ቀን ቀርቻለሁ።»

«እንግዲህ ባልተማረ ሰው እጅ ከወደቅሁ መቀመጥ ነው እንጂ ምን አደርጋለሁ» አሉ።

ስለ አንቺ ሳትደብቅ ጻፍልኝ ብለሽኛል። የፋይሉን ነገር፣ ከተዘጋ ወዲህ ለሽማግሌዎቹ ነግሬያቸው ነበርና፣ እነሱ ነገሯቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ ምንም አላሉም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እየሩስ ሰባቱን ስትቀመጥ አብሯት የተቀመጠ ሰው ነበረ ወይ አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። ጠይቅልኝ ብለዋል። አሮጌዎቹን ድምፆች እያወቁ ይሰሙ እንደነበር አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም አላነሡብኝም።

ዛሬ አምስተኛ ቀናቸው ነው። ጎረቤቱ ምግብ ያመጣል፣ ሰው እየተፈራረቀ አብሯቸው መሬት ይቀመጣል፤ እድሩ ወንበር ልኮ ነበር፣ ዱጋሳ መለሰው። ጠዋት ፊታቸውን ሳስታጥባቸው፣ ውኃው በጢማቸው እየወረደ፣ እንደ ልማዳቸው ጠየቁኝ።

ገና ነው አልኳቸው።

ምሥጋና